እሱ ሲገባ የሚነሳው ሲስተም

ብርነሽ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳቢው፣ ትንሽ ፀሐይ ይገባል። ከጓሳ ሣር ሜዳ የሚመጣው ንፋስ ዛሬ አላስቀምጥ ብሎናል። ልጆቹ ደህና ናቸው? ቀስ ብለን እናውራ ታዲያ፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጓል... ዘፈኑ ግን ካለቀ ቆየ መሰለኝ።

ሥራዬ? ደህና ነው። ተከልሎ የቆየው የጓሳ ሣር ሲከፈት የትኛው ቀበሌ መቼ ሣር እንደሚያጭድ በስልክ የሚነግረውን ሲስተም ነገ ሽማግሌዎቹ ሊያዩት ይመጣሉ። ካልሠራ ይቅርብን ብለዋል። የምንሠራው እኔና አንድ ሌላ ሰው ነን። ስሙ ምን ያደርግልሻል... አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ጨዋ፣ የትልቅ ቤት ልጅ ነው።

የተባረከ ሰው እኮ ነው። ጠዋት እሱ ሲገባ ሲስተሙ ይነሳል፤ ላፕቶፑን አጥፎ ቤቱ ሲሄድ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ክብር አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ብቻዬን ስከፍተው የማጨጃውን ቀን የሚያወጣው ክፍል "ስህተት" ብሎ ቀጥ ይላል።

ምክንያቱን ለማግኘት አልዘገየም፤ አእምሮው ፈጣን ነው። ባለፈው ሽማግሌዎቹ ፊት "ትርሲት ስትነካው ነው የሚቆመው" አለ። እዚህ አገር ለቀጥቃጭ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ ይመስልሻል? ምስኪን... ከየት ያውቃል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ተገኘ ደንግጠው "ጠበል ይረጭበት ይሆን?" ሲሉ እንኳ ዝም አለ። ትሑት ነዋ፤ ሽማግሌ በተናገረበት አፉን አይከፍትም። እኔ ግን፣ አልዋሽሽም፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ጓሳ በተከፈተ ቁጥር የሚያጭዱበት ማጭድ ከአባቴ እጅ የወጣ ነው። ማጭዱን ሲቀበሉ ማንም ጠበል አልፈለገም።

ዛሬ ጠዋት ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያ ክፍል የቀኑን መረጃ የሚያመጣው ከጋራው ሰርቨር አይደለም... ከአንድ ሰው ላፕቶፕ ነው። ለሙከራ ብሎ የራሱን ላፕቶፕ አድራሻ ጽፎበት፣ እዚያው ረስቶታል። ላፕቶፑ ሲዘጋ ሲስተሙ ከየት ያምጣ? ይረሳል እንጂ። የሰው ዘር ሲቆጥር የሚውል ሰው የጻፈውን መስመር መልሶ የሚያይበት ጊዜ ከየት ያገኛል?

አስተካከልኩት። ምሳ ሲወጣ ላፕቶፑን ይዞ ነበር የወጣው፤ እስኪመለስ ሲስተሙ እዚሁ ሲሠራ ቆየ። በእኔ እጅ።

አየሽ፣ ማዳመጫውን አወለቀ። ሞቆት ይሆናል።

ብቻ እግዜር ይስጠው፤ በእሱ ሰበብ ስንት ነገር ተማርኩ። ነገ በዚህ ብርድ ማልዶ ለመምጣትም አይቸገር። እመብርሃን ቤቱን ታሙቅለት፣ እንቅልፉን ትባርክለት፣ ድካሙን ሁሉ ታሳርፍለት። ይረፍ የኔ ጌታ... ያለ እሱም ይሠራል።