ለሌላ ሰው የማይከፈተው የአለቃችን «ጓዳ»

ባለፈው ሰኞ ኬብል ተሸክሜ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስወጣ፣ ለቅጥር ፈተና የመጣች አንዲት ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ ስትወርድ ተገናኘን። ዓይኗ ቀልቷል።

«የቅጥር ፈተናው እንዴት ሆነ?» አልኳት።

«ኮዱን አውርጂ የተባልኩበት ሊንክ አልከፈት አለኝ፣ ጋሼ። አለቃው ‹ኮድ ማውረድ ያቃተው ኮድ አይጽፍም› ብለው አሰናበቱኝ።»

ከስድስት ዓመት በፊት እኔንም የጣሉኝ በዚሁ ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኬብል ጎታች ሆኜ ቀረሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፣ ኮድ መጻፍም የለመድኩት በራሴ ነው፤ ንቀት ማንበብ ግን አያቅተኝም።

ሊንኩን አሳየችኝ። «ጓዳ» ብሎ ይጀምራል።

«እንዲህ የሚባል ሰርቨር የለም። እሳቸው በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ ለሰርቨሩ ያወጡለት ቅጽል ስም ነው» አለች።

«ታዲያ ተመልሰሽ ንገሪያቸው! ዝምታ ምን እንደሚያተርፍ እኔን አይተሽ ተማሪ።»

ተያይዘን ገባን።

«ደግሞ ምን ረሳሽ?» አሉ አለቃው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ።

«ሊንክዎ እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ጌታዬ» አለች ልጅቷ።

«ይኸው!» ተጫኑት፤ ተከፈተ።

«ለእርስዎማ ይከፈታል። ‹ጓዳ› ማለት የትኛው አድራሻ እንደሆነ ለኮምፒውተርዎ የነገሩት እርስዎ ነዎት። ልጅዎን ቤት ውስጥ ‹ሚጢጢ› ቢሉት፣ ትምህርት ቤት ሄጄ ‹ሚጢጢን ጥሩልኝ› ብል ማን ያውቅልኛል?»

«የኔ ሚጢጢ እንኳ አሁን አድጎ በር አይበቃውም» አሉ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ። «ግን የማሳጥረው ጊዜ ለመቆጠብ እኮ ነው።»

«ለራስዎ ያሳጥሩት፣ ማን ከለከለዎት? ለሰው ሲልኩ ግን ሙሉውን ይላኩ። አለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

«በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ይሞክሩት» አልኩ እኔ።

ወርደው በገዛ እጃቸው ጻፉት። እምቢ አለ። ደገሙት፤ እምቢ! ልጅቷ ሙሉ አድራሻውን ተቀብላ ስትጽፈው ግን ኮዱ ወዲያው ይወርድ ጀመር።

«ስንቱን ሰው መለስኩ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከእኔ ጀምሮ፣ ከእሷ በፊት አሥራ አንድ» አልኩ። ቆጥሬያለሁ።

አለቃው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ አልፈሻል። የሚቀጥለውን ፈተና የምታወጪውም አንቺ ነሽ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በቢሯችን ማንም ሰው ሊንክ ከመላኩ በፊት በሌላ ሰው ኮምፒውተር ይሞክረዋል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ትርፉ ግን ብዙ ነው፦ አዲስ ሠራተኛ በመጣበት ቀን ሥራ ይጀምራል፣ ስልክ በጥያቄ አይጨናነቅም፣ አዋቂም መሃይም ተብሎ አይባረርም።

ለአሥራ አንዳችንም ደብዳቤ ተጻፈ። የእኔን አለቃው ራሳቸው አመጡልኝ። ፈተናውን እንደገና እንድወስድ ይጋብዛል፤ መጀመሪያው ላይ ግን «ይቅርታ» ይላል። ያቺን ቃል እዚያው ፊታቸው ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኳት።