እሪ የመሰላት ቃል

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ አንዲት እናት የተኛች ልጇን ታቅፋ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነችብሽ?» አሏት ሽማግሌው።

«ጆሮዋን አሟት ነው፣ አባባ። ሳምንት ሙሉ ‹ኢር፣ ኢር› እያለች ስታለቅስ እሪ የምትል መስሎኝ ‹ዝም በይ› እላት ነበር።»

«ኢር ደግሞ ምንድን ነው?»

«በእንግሊዝኛ ጆሮ ማለት ነው አለኝ ዶክተሩ።»

«አንቺ አትችይም?»

«ከየት አምጥቼ? እኔ ሱቅ ስውል እሷ ከስልክ ለመደችው። አማርኛ ግን አትችልም።»

«ፈረንጅ ወልደሻላ።»

«እኔም እንደዚያ እያልኩ በጎረቤት ፊት እኮራባት ነበር።»

«አሁንስ ትሰማለች?»

«በአንዱ።»

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ከአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ እጅ ወሰድኩና ጆሮዋን ነካ አድርጌ «ይሄ ምን ይባላል?» አልኳት።