የእትዬ ዘነበች ቁምሳጥን

ከኡራኤል ወደ ቂርቆስ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ያለው ወንበር ላይ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እትዬ ዘነበች! አወቁኝ?»

«ውይ ልጄ! ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ እኮ አልተያየንም። ሥዕልህ ተሸለመ አሉ?»

«አዎ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ውድድር ነው። ናይሮቢና ካምፓላ ታይቶ አሁን እዚህ መጥቷል፤ ባምቢስ ጋ ለዕይታ ቀርቧል።»

«ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴትዮ አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«ማለቴ… አዎ። ልነግርዎ ነበር።»

«ስሙን ምን አልከው?»

«‹እናቴ›።»

«ቤታችን የፈረሰ ቀን ከማዶ ቆመህ ስትስል አይቼሃለሁ።»

«አይተውኛል?»

«ሰው ሁሉ የየራሱን ዕቃ ሲያወጣ፣ ቁምሳጥኑ ብቻዬን ቢያቅተኝ፣ ‹ና በአንድ በኩል ያዝልኝ› ብዬ ጠራሁህ እኮ።»

«ሰምቻለሁ እትዬ። የፀሐዩ ብርሃን እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው፣ በቃ…»

«ቁምሳጥኑንም ስለኸዋል?»

«አዎ።»

«ሳይወድቅብኝ ነው ወይስ ከወደቀብኝ በኋላ?»

«ከወደቀ… በኋላ።»

«ወራጅ አለ! በል እንግዲህ፣ እንኳን ደስ ያለህ ልጄ።»

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ከዚያው ሥዕል ፊት ቆሜ ፈገግ ብዬ የተነሳሁትን ፎቶ፣ እዚያው ታክሲው ውስጥ ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።