ነጥብ የሌለው ዲስክ፦ የጋሽ ምረጡልኝ የሕይወት ታሪክ

እዚህ ከቆምነው መካከል እኚህ ሰው አንድ ቀን ፊልም ያልመረጡለት ያለ አይመስለንም። ሁላችንም ከእጃቸው ተቀብለን፣ በብብታችን ይዘን ወደ ቤታችን ገብተናል። ዛሬ ተራው የኛ ሆነና እሳቸውን ይዘን መጣን። ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ድካማችሁን እናውቃለን፤ ቢሆንም ትንሽ ታገሱንና ሕይወታቸውን ከመጀመሪያው እንስማው። እሳቸውም ከመሃል የተጀመረ ነገር አይሆንላቸውም ነበር።

ጋሽ ምረጡልኝ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ከስድሳ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም መዝገብ ላይ አለ፤ ግን አሁን እሱን ብንጠራው ማንን ነው የሚሉት ብላችሁ ዞር ዞር ትላላችሁና እንተወው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ከመወጣጫ ላይ ወድቀው ወገባቸው ሲጎዳ ግን ደብተሩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ሥራ ገቡ። ትምህርት አቋርጦ ሥራ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት የተማሪ ጫጫታ ሲያልፍ፣ እጅ ሥራውን ይዞም ቢሆን አንገት ለብቻው ወደዚያ ይዞራል።

የገቡት ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሽቦ ሲበይዱ፣ የተቃጠለ ሲነቅሉ፣ የሰው ቴሌቪዥን ሲያድኑ ኖሩ። የተጠገነው ሁሉ መሞከር አለበትና ፊልም እየከፈቱ ያዩ ነበር፤ ነገሩ ሊጥም ሲል ግን ባለቤቱ ይመጣና ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ይሄዳል። «ስንቱን ሰው ገደል አፋፍ ላይ ትቼው ቀረሁ መሰላችሁ፤ ይውደቅ ይትረፍ አላውቅም» እያሉ ያስቁን ነበር። እየሳቁም ቢሆን ነገሩ ከልባቸው ነበር። መጨረሻውን ያላዩት ነገር ደጅ ቆሞ የሚያንኳኳ ሰው ይመስላቸዋል።

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ፊልምና ተከታታይ በዲስክ የሚያከራይ ጠባብ ቤት ነው፤ በግራ ፀጉር አስተካካይ፣ በቀኝ ጎማ ጠጋኝ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ዴክና አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን። ያኔ የሚመርጡት የዲስኩ ማቀፊያ ልባስ ላይ ያለውን ሥዕል አይተው ነበር። የሚስቅ ሰው ካለበት የሚያስቅ ነው፣ ሽጉጥ ካለበት የሚያጋድል ነው፣ በቃ።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል የምትሠራ ወጣት ቀለል ያለ ነገር ምረጥልኝ ብላ መጣች። ሽማግሌና ሕፃን ልጅ ሲሳሳቁ የሚያሳይ ልባስ መዘው ሰጧት። በማግስቱ ተመልሳ ዲስኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «አይተኸው ነበር?» አለቻቸው። አላየሁትም አሉ። «ታዲያ በምን መረጥክልኝ? አባቴን ከቀበርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ይሞታል» አለች፤ ሳትጮህ። ጋሼ ያን ሳምንት ቤቱን ዘግተው ያላቸውን ዲስክ በሙሉ ማየት ጀመሩ፤ መጨረሻው ላይ ሰው የሚሞትበትን ሁሉ ልባሱ ጥግ ላይ ምስር የምታክል ቀይ ተለጣፊ ነጥብ ለጠፉበት። እሷን ፈልገው፣ እጥበት ክፍሉ በር ድረስ ሄደው፣ ነጥብ የሌለበት አንድ ዲስክ ሰጧት። በዓመቱ ተጋቡ። ይህች ወጣት ሁላችንም እትዬ ስንላቸው የኖርነው፣ ቤታቸው የማይጠገበው ባለቤታቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ቀድመው ያላዩትን ዲስክ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ሲመርጡም ምን ዓይነት ፊልም ትወዳለህ ብለው አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ማን አጠገብህ ይቀመጣል ብለው ነው። ፊልም ለዓይን ሳይሆን ለጎን ነው የሚመረጠው ይሉ ነበር። ከሚስቱ ተኳርፎ የመጣውን ጎማ ጠጋኝ የሚያስቅ ስጠኝ ቢላቸው እንቢ ብለው የሚያስፈራ ሰጡት፤ ብቻዋን ፈርታ አትቀመጥም፣ ወዳንተ ትጠጋለች ብለው። ነገሩ እንዳሉት ሆነ፤ ይኸው አራት ልጅ ወልደዋል። ፀጉር አስተካካዩ ዲስክ እየጫረ ሲመልስ ደግሞ «ይሄን ያየኸው በዓይንህ ነው በምላጭ?» ይሉትና፣ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረጉ፣ ክብ አዙሮ የሚጠርግ ዲስክ ገዳይ ነው እያሉ ያስተምሩት ነበር። ሰው ከበር ሳይገባ «ጋሼ፣ ምረጡልኝ» ሲል ሲል ስማቸው ሆኖ ቀረ። ቀይ ነጥቧንም ሰፈሩ ሁሉ ለመደ። ሐዘን ያለበት ቤት ነጥብ የሌለው ይወስዳል፤ ማልቀስ ፈልጎ እንባ እንቢ ያለው ነጥብ ያለበትን ይጠይቃል።

በትዳራቸው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እሑድ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ቤቱን ዘግተው ይገቡና ባልና ሚስት ሁለቱ ወንበሮቻቸው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለእትዬ የሚመርጡት ሁሌም ነጥብ የሌለበትን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረው በመጨረሻ ሃያ አራት ዲስክ ያለው አንድ ተከታታይ ጀመሩ፤ ባቡር በማይቆምበት ጣቢያ ልጇን ስለምትጠብቅ አንዲት እናት የሚተርክ ነው። በሳምንት አንድ ዲስክ፣ ከዚያ አይበልጥም። አሥረኛው ላይ የእትዬ ኩላሊት ታመመ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ከሥራ ቀሩ። ሃያ ሦስተኛውን እትዬ ያዩት አልጋቸው ላይ ሆነው ነው፤ ጋሼ ወንበራቸውን አልጋው ድረስ አስጠግተው፣ የእትዬንም ባዶ ወንበር ከጎናቸው አድርገው።

ሃያ አራተኛውን እንደ ልማዳቸው ሱቃቸው ውስጥ ቀድመው አዩት። ባቡሩ ቆመ። ልጁ ወረደ። እናቲቱ ግን አልደረሰችበትም። ጋሼ ከልማድ ብዛት ቀይዋን ነጥብ ለጠፏት፤ ለጥፈው ሲያበቁ ለማን እንደሚወስዱት ትዝ አላቸው። ቤታቸው በር ላይ ቆመው ነጥቧን በጥፍራቸው ላጧት። ሲገቡ እትዬ ልባሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «አይተኸዋል?» አሉ። አይቼዋለሁ አሉ ጋሼ። «ነጥብ አለው?» አሉ እትዬ።

«የለውም» አሉ።

በዕድሜያቸው የዋሿት ውሸት እሷ ብቻ ናት ብንል አላጋነንም። እንግዲህ እሑድ እናየዋለን ተባባሉ። እትዬ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ለስምንት ዓመት፣ እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የዚያ ተከታታይ መግቢያ ሙዚቃ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታቸው ይሰማ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎማ ጠጋኙ ሙዚቃውን ሲሰማ መዶሻውን አስቀምጦ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። ጋሼ ሁለቱን ወንበር ጎን ለጎን ያደርጋሉ፣ ሃያ ሦስተኛውን ዲስክ ይከፍታሉ፣ እስከ ጫፉ ያያሉ። ሃያ አራተኛው ዴኩ ላይ ተቀምጧል፤ አቧራውን ይጠርጉለታል እንጂ አይከፍቱትም። ለማንም አከራይተውት አያውቁም። ያን ተከታታይ ተከራይቶ መጨረሻውን ያጣ ሰው ስንት ነው! ስንለምናቸው ባለቤቴ ሳታየው ማንም አያየውም ብለው ይዘጉናል።

ለእህታቸው ብቻ አንድ ቀን እውነቱን ነገሯት። ዲስኩ ሲያልቅ፣ ስክሪኑ ሲጠቁር፣ መስታወቱ ላይ ሁለቱ ወንበሮች ይታያሉ፤ በአንዱ እሳቸው ተቀምጠዋል፣ ሌላውም ባዶ አይደለም። ዞር ሲሉ ባዶ ነው፤ ወደ ጥቁሩ ሲመለሱ ሚስታቸው ተቀምጣለች። ሁሌም የምትጠይቃቸው ያንኑ ነው፤ ነጥብ አለው? እህታቸው የዓይን ድካም ነው፣ መስኮቱን ክፈት፣ ወንበሯንም አንሳው ብትላቸው «ወንበሯን አንስቼ የት ትቀመጥ?» አሏት። ከመሞቷ በላይ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ሊያታልሏት እንደሞከሩ ነቅታ፣ ተቀይማቸው ሄዳ እንደሆነስ? ይህን የሚነግራቸው አልነበረም። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር አንድ ጊዜ ዋሽተው፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ ቀሩ።

ሰዉ ፊልሙን በስልኩ ማየት ሲጀምር ሱቁ ጭር አለ። እሳቸው ግን አልዘጉትም። ስልክ ማን አጠገብህ አለ ብሎ ይጠይቃል ወይ ይሉ ነበር። ልጃቸው አድጋ፣ ነርስ ሆና፣ ሌላ ከተማ ሥራ ያዘች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው ይደክም ጀመር፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፣ እግራቸው አበጠ፣ ሐኪሞቹም ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም ብለው ወደ ቤት ላኳቸው። ልጃቸው ፈቃድ ወስዳ መጥታ አስታመመቻቸው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከተኙበት ሆነው፣ ያን ሃያ አራተኛ ዲስክ አብራችሁ ቅበሩልኝ ብለው ተናዘዙ። ያኔ ልጃቸው ስምንት ዓመት የያዘችው ነገር አላስችላት አለ። ልባሱን ከዴኩ ላይ አነሳችና እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ክፈተው» አለቻቸው።

ከፈቱት። ከውስጥ በኩል፣ ወረቀቱ ላይ፣ ቀይ ነጥብ ተለጥፏል። ከነጥቧ ሥር የእትዬ የእጅ ጽሑፍ አለ፦ «አይቼዋለሁ። እሑድ እንዳላየ ሰው ሆኜ አብሬህ አየዋለሁ። አትጨነቅ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ቀን እትዬ ልባሱን ሲያገላብጡ፣ ነጥቧ ከተላጠችበት ጥግ ላይ የቀረው ሙጫ ጣታቸውን ያዝ አደረጋቸው። የባላቸውን ፊት ማየት አላስፈለጋቸውም። በማግስቱ ጋሼ ሱቅ ሲሄዱ፣ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት የሆናትን ልጃቸውን መጋረጃውን ዝጊ፣ ድምፁን ቀንሺ ብለው ዲስኩን አስከፈቱና እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ተለጣፊና እስክርቢቶ አምጪ አሏት። አባትሽ ራሱ እስኪከፍተው ትንፍሽ እንዳትዪ ብለውም አስማሏት፤ እሑድ ይከፍተዋል ብለው ነው። ልጅቱም ዛሬ ይከፍተዋል፣ በሚቀጥለው እሑድ ይከፍተዋል ስትል፣ የእናት መሐላ ይዟት ስምንት ዓመት አለፈ። በዚህ ማንም እንዳይወቅሳት አባቷ ራሳቸው አደራ ብለዋል።

ጋሼ ጽሑፉን ደጋግመው አነበቡት፤ ጥጉን በጣታቸው ሲዳብሱ ሙጫው አቧራ ለብሶ፣ ጠቁሮ፣ ዛሬም አለ። «እኔ ነኝ እንግዲህ ስጠብቃት የኖርኩት? እሷ አይታ ጨርሳለች» አሉና ሳቁ። ብዙ ጊዜ ሳይስቁ ስለቆዩ ሳል አፈናቸው።

በማግስቱ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ጎማ ጠጋኙ ሙዚቃውን ሰምቶ እንደ ልማዱ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ሙዚቃው ግን ቶሎ አላለፈም፣ ከመግቢያው ቀጥሎ ከመጨረሻው ዲስክ እስከዛሬ ያልሰማው ዜማ መጣ። ጋሼ በወንበራቸው ተደግፈው ተቀመጡ፣ የእትዬ ወንበር ከጎናቸው ሆነ፣ ልጃቸው መሬት ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ባቡሩ ቆመ። ልጁ ወረደ። አልቆ ስክሪኑ ሲጠቁር፣ ልጃቸው ተነስታ ልታጠፋው ስትል ቆይ ትንሽ ብለው ያዟት። በዚያ ጥቁር መስታወት ላይ ስንት ሰው እንዳየች አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ሳይጨነቁ ዐረፉ። እንደ ቃላቸው ዲስኩ አብሯቸው ይወርድ ወይ ተብለው ሰኞ ተጠይቀው ነበር፤ የለም፣ መጨረሻውን ላጡት ሰዎች ስጡልኝ ብለዋል። ስለዚህ የምትፈልጉ ተራ ያዙ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን መጨረሻ ነው።

ጋሽ ምረጡልኝ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ እህታቸውን፣ ሦስት የእህታቸውን ልጆች፣ ሁለት ጎረቤት ባለሱቆችንና ከወለል እስከ ጣሪያ ሞልቶ የቀረ ዲስክ ትተውልን ሄደዋል፤ ሁሉንም አይተው፣ ሁሉንም ለይተው።

ይህም የሕይወት ታሪክ ነጥብ አለበት፤ መጨረሻው ላይ ሰው ይሞታል። ሐኪሞቹ ከነገሩን ቀን ጀምሮ እናውቅ ነበር፤ እንዳላወቀ ሰው ሆነን አብረናቸው ተቀመጥን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከእትዬ ጎን ባለችው ወንበር ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም አጠገቧ የሚቀመጥ አያሳጣት። አሜን።