እስከ አያት የሚጠይቁት

ከዘንዘልማ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አንዷ ወጣት፣ ሌላዋ በዕድሜ የገፉ እናት።

«እትዬ፣ እነዚያ የጤና ጥናት ሰዎች ዘንድሮም መጡብዎት?»

«መጡ እንጂ! ከእናቴ ጀምረው ሲጠይቁን ኖረው፣ አሁን ደግሞ በልጆቼ መጡ። በዘራችሁ የአእምሮ ሕመም አለ ወይ ይሉኛል።»

«ምን አሏቸው?»

«ሁሉም ደኅና ነው አልሁ። እስከ አያት የሚያጣራ አማች ነው እንጂ ሐኪም ነው? ልጄን ለጋብቻ የጠየቁት ሰዎች ናቸው የላኳቸው።»

«ኧረ እትዬ፣ እኔንም ጠይቀውኛል! እኔ ከተዳርሁ ስንት ዓመቴ!»

«አንቺንማ ለማስመሰል ነዋ!»

«ጸበል የከረመው ወንድ ልጅዎስ? ምናልባት ይረዱት ነበር።»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል! እህቱ እስክትዳር ከልጆቼ አልቆጠርሁትም።»

የክርስትና ስሙን ስላላወቅኩ፣ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ያልተቆጠረውን ልጅ አስበው» አልኩ።