መንታ እህቷ የተለካችላት ወንበር

ባለፈው የካቲት ጉልበቴን ለማሳየት የመንግሥት ሆስፒታል ሄጄ፣ የተሃድሶ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ባዶ ዊልቸር እየገፉ ብቅ አሉ። የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሜትር ነው የሚላቸው፤ መለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ያን ዕለትም አልወረደም።

«መምህር፣ ምነው? በደህና ነው?» አሉኝ ደንገጥ ብለው።

«ጉልበቴ ነው፣ ጋሽ ሜትር። እርስዎስ ምን እግር ጣለዎት? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመ። ዕቃ ልመልስ ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር ሃያ ዓመታችን ነው። ሱሪዬን የሚያሳጥሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ፊደል ያስቆጠርኳት ደግሞ እኔ። በዚያ ቤት ዊልቸር የሚፈልግ ሰው እንዳለ ግን አላውቅም ነበር። የሰው ወሬ መስማት ነውር ነው እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

የክፍሉ ባለሙያ ወጣች። ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ ከሰውየው ቀድሞ ወንበሩ ላይ አረፈ።

«አባቴ፣ ይህን የሰጠናችሁ ገና ሦስት ወሩ ነው። ምን ሆነ?»

«የኔ ልጅ፣ ውሰዱልኝ። ልጅቷን ዳሌዋ ላይ አቆሰላት። ወደ አንድ ጎን ዘንበል ትልበታለች፣ እግሯም ማሳረፊያው ላይ አይደርስም፣ ተንጠልጥሎ ይውላል። እኔማ ድሮም ይቅርብን ብዬ ነበር፤ እናቷ ናት ወትውታ ያስጀመረችኝ።»

ባለሙያዋ ገብታ ማህደር ይዛ ተመለሰች። «ከጤና ጣቢያ በወሰዱት ቅጽ ላይ ልኳን የሞሉት እርስዎ ነዎት። ልብስ ሰፊ ናቸው ተብሎ ታምነው ነው። በዚህ ልክ ከሆነ እግሯ መድረስ ነበረበት። እንዴት አድርገው ለኳት?»

ጋሽ ሜትር የሜትሩን ጫፍ ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ።

«እሷን አልለካሁም» አሉ በመጨረሻ። «መንታ እህቷን ነው የለካሁት።»

ክው አልኩ። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ መንታ መሆኗን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ስትዘፍን የምሰማት ልጅ ሌላ ኖራለች። ተማሪዬ ትምህርት ቤት በምትሆንበት ሰዓት ዘፈኑ ሲመጣ ራዲዮ ነው እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ።

«ለምን እህቷን?» አለች ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«በአንድ ቀን የተወለዱ አይደሉ? አንድ ናቸው ብዬ ነዋ። ደግሞ ሰው የሚለካው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው፣ ይችኛዋ አትቆም። አርባ ዓመት ስሰፋ ተኝቶ የተለካ ደንበኛ አላየሁም።»

ሳቄ ሊመጣ ሲል ቁስሉ ትዝ ብሎኝ ተመለሰ።

«እዚህ ይዘዋት ቢመጡ እኛ ተኝታም ተቀምጣም እንለካት ነበር።»

«ሰው ያያታላ፣ ልጄ። ነገ እህቷ ስታገባ ዘራቸው እንዲህ ነው ይባልባታል። እሷስ ብትሆን በየመንገዱ ከንፈር ሲመጠጥላት ከምትውል ቤቷ ብትቀመጥ ምን ጎደላት? ትበላለች፣ ትለብሳለች። ቀሚሷን የምሰፋላት በገዛ እጄ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ጋሽ ሜትር ክፉ ሰው አይደሉም። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ተናድጄ እገላገል ነበር።

ባለሙያዋ አግዳሚው ላይ አስቀምጣቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባቴ፣ አንዱ ጨርቅ ይዞ መጥቶ ‹እኔ አይመቸኝምና ወንድሜን ለክተው ሱፍ ይስፉልኝ› ቢልዎ ይሰፉለታል?»

«ምን በወጣኝ። የሰው ጨርቅ ላበላሽ?»

«ለምን ይበላሻል? ወንድሙ አይደል?»

«ትከሻ ከትከሻ ይለያል። አንዱ ጎበጥ ይላል፣ አንዱ ደግሞ…» ብለው ቆሙ። ሜትሩ ከጣታቸው ተፈታ።

«ይህን ወንበር ቀኑን ሙሉ ነው የምትለብሰው። ሲሰፋት ወገቧ ይጣመማል፣ መተንፈስም ያስቸግራታል። ቁስሉ ችላ ከተባለ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ በእንዲህ ያለ ቁስል ልጅ ይሞታል። ጥፋቱ የእኛም ነው፣ እሷን በዓይናችን ሳናይ ወንበር መስጠት አልነበረብንም። ዛሬ ግን ሌላ ቅጽ አልሰጥዎትም። ራሷን ያምጡልኝ።»

«ይሞታል ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ከአፌ የወጣው ወቀሳ ሆነ። «ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን፣ ከእኔም ነው የሸሸጓት? እኔም ከንፈር እመጥጣለሁ ብለው?»

«ይመጥጡ ነበር፣ መምህር» አሉ።

እውነታቸውን ነው።

ከአግዳሚው ተነሡ። «መምጠጥ የፈለገ ይምጠጥ» ብለው ባዶውን ወንበር እዚያው ትተው ወጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከእናቷ ጋር ተመለሱ፤ ፊቷን ሳይሸፍኑ፣ በዋናው በር፣ ልጅቷን ታቅፈው። አልጋ ላይ ሲያስተኟት «አባባ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምለካው?» አለች። ጋሽ ሜትር የሜትሩን አንድ ጫፍ እንዲይዙ ተደረገ። ግራ እግሯ ከቀኙ በሁለት ጣት እንደሚያጥር ራሳቸው አነበቡ። «ይህን ሁሉ ዓመት ቀሚሷንም በእህቷ ልክ ነው የቆረጥኩት» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

አዲሱ ወንበር በሰኔ መጣ። ቁስሉ ደርቋል፤ ቀና ብላ በእጇ ትበላለች፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እናቷም ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አጠገብ መዋሏ ቀርቶ ሥራ ይዛለች። ጋሽ ሜትር ደግሞ ደንበኛ ሲለኩ «እቤት የተደበቀ ልጅ የለህም?» ይላሉ። አንዳንዱ ይቆጣል። ሁለት ደንበኞች ግን አልተቆጡም፤ የተሃድሶ ክፍሉን አድራሻ ተቀብለው ሄደዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ደጄ ተንኳኳ። ባለወንበሯ ልጅ ናት፤ አያቷ ያሳጠሩልኝን ሱሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ብቻዋን መጥታለች።

«ጠዋት ጠዋት የሚያስሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።»

«እኔ እኮ ድሮ ነው የማውቅዎት። ሲያስሉ ነጋ እላለሁ።»

ግቢ እንጂ አልኳት። አልገባችም፤ ቁልቁል አየች። ደጄ ሁለት ደረጃ እንዳለው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰኞ ግንበኛ ጠራሁ።