አምስተኛው ኩሽኔታ

መለዋወጫ ሱቅ የገባሁት ለብስክሌቴ የፍሬን ገመድ ልገዛ ነበር። ባለሱቁ ሌላ ደንበኛ ይዟል። ከጀርባዋ አወቅኋት። መሬት እየለካች የምትተዳደር ወጣት ናት፤ ቀያሿ እንላታለን። የምትገዛውን ሳይ ድምፄን አጥፍቼ ከዘይት ጣሳዎቹ ኋላ ቆምኩ። የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነበር፤ ጎማ ሳይፋጭ እንዲዞር የሚያደርገው፣ ውስጡ ኳሶች ያሉት የብረት ቀለበት።

የተደበቅኩበት ምክንያት አለኝ። በየዓመቱ ከድንጋይ መፍጫው ጀርባ ባለው ሜዳ የመኪና ውድድር እናደርጋለን። ተወዳዳሪው ከአሮጌ ዕቃ መኪና ገጣጥሞ ያቀርባል። ያወጣው ገንዘብ ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ ይሰረዛል። ያለውም የሌለውም እኩል ይወዳደር ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ደረሰኞቹን የምመረምረው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ተሽከርካሪ ስመረምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ሰው የሚለኝን ሳይሆን የያዘውን ማየት ልማዴ ነው።

በቀያሿ መዝገብ ላይ አራት የፊት ኩሽኔታ ተመዝግቧል። የፊት ጎማ ደግሞ ሁለት ነው። በኩሽኔታ ስም ሌላ ውድ ዕቃ ታስገባለች ብዬ ካሰብኩ ሰነባብቻለሁ። ቅዳሜ መዝገቡን ፈርሜ ለውድድሩ ኮሚቴ አስረክባለሁ፤ ስሟን ለመሰረዝም ቆርጬ ነበር። ባለሱቁ በወረቀት የጠቀለለላት ግን እውነትም ኩሽኔታ ነው። ይህም አላሳመነኝም። ዛሬ ገዝታ ነገ በሌላ ዕቃ ትለውጠው ይሆናል አልኩ በልቤ።

"አንቺ ልጅ፣ መኪናሽ ስንት እግር ነው ያላት?" አለ አንድ ሰው ከበሩ።

የትልቁ ጋራዥ ባለቤት ነው፤ ሁሉም አለቃ ይለዋል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው እሱ ነው።

"ደህና ዋሉ ጋሼ፤" አለች ቀያሿ።

"ደህና ዋልሽ። አምስተኛሽ ነው አሉ፤ ኩሽኔታ እንደ ከረሜላ ትበዪዋለሽ እንዴ?"

"ይሰበርብኛል።"

"አምስቱም?"

"ሦስቱ። አንዱ ገብቶልኛል፤ ይሄ ገና ነው።"

አለቃ ዞር ሲል እኔን አየ። "ጋሼ፣ እርስዎም አሉ እንዴ? ከዘይት ኋላ ምን ይሠራሉ?"

መውጣት ግድ ሆነብኝ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ።

"አባባ፣ ደብዳቤዬ ደርሶዎታል?"

ደርሶኛል። ጋራዥ ያለው ሰውና በእናቱ ግቢ የሚገጣጥም ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር መወዳደራቸው ፍትሕ አይደለም ይላል። አንብቤ አጥፌ ነበር ያስቀመጥኩት። ልትያዝ የተቃረበች ሰው ሰበብ መስሎኝ ነበር።

አለቃ የምን ደብዳቤ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

"እኔን ነው እንግዲህ። ስሚ ልጄ፣ ጣሪያው አንድ ነው። ደረሰኜም ንጹሕ ነው። ጋሼ ሦስት ዓመት መርምረውኛል፤ ወንበሬን ሳይቀር ፈተው አይተዋል። አገኙ?"

"አላገኘሁም፤" አልኩ። አለማግኘቴ ያኔም አላስደሰተኝም።

"ሰረቁ አላልኩም ጋሼ፤" አለች።

"ታዲያ ምን አልሽ?"

"እርስዎ ኩሽኔታ የሚያስገቡት በምንድን ነው?"

"በፕሬስ ነዋ። ቀጥ አድርጎ ይጫነዋል፤ አለቀ።"

"ፕሬሱ ደረሰኝዎ ላይ አለ?"

"እሱ ምን አገባው? ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ግድግዳ ሥር የቆመ ብረት ነው።"

"እኛ ቤት ግድግዳ ሥር የቆመው የእናቴ የውሃ በርሜል ነው። እኔ በመዶሻ ነው የማስገባው።"

ባለሱቁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

"እና እኔ መሣሪያ ስላለኝ ልቀጣ?"

"ይቀጡ አላልኩም። እጅዎ ከእጄ ይበልጣል፤ በእጅዎ ይብለጡኝ፣ አይከፋኝም። ግን እርስዎ አንድ ገዝተው አንድ ያስገባሉ። እኔ አንዱን ለማስገባት ሁለት ሦስት እገዛለሁ። ወረቀት ላይ ጣሪያችን አንድ ነው። ሥራው ላይ ግን የእኔ ጣሪያ አናቴን ይነካኛል።"

"ሰበብ ነው። በተማሪነቴ ስንቱን በመዶሻ አስገብቻለሁ። አንድም አልተሰበረብኝም።"

እኔ ጣልቃ ገባሁ። "የተሰበሩት የት አሉ?"

"ቤት አሉ አባባ። ላሳይዎት እችላለሁ።"

"የተሰበረማ ከእኔ ጓሮም ይለቀማል፤" አለ አለቃ።

እኔም የማስበው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ሌላ መንገድ መረጥኩ።

"ይህን አምስተኛውን አንተ አስገባው፤" አልኩት። "በእሷ ግቢ፣ በእሷ መዶሻ። ከገባ ልጅቷ ዋሽታለች፤ ቅዳሜ እሰርዛታለሁ።"

"የእሳቸው እጅ ስላስገባው እኔ ዋሸሁ ማለት ነው?" አለች ቀስ ብላ።

ያልኩትን ግን አላጠፍኩም።

"ደግሞስ አባባ፣ ይሄ ከተሰበረ ሌላ መግዛት አልችልም። ጣሪያው ላይ ደርሻለሁ።"

"ከሰበርኩት ሌላ እገዛልሻለሁ፤ ሁለቱም በእኔ መዝገብ ይጻፉ፤" አለ አለቃ። እንደማይሰብረው እርግጠኛ ነበር።

ግቢያቸው ጠባብ ነው። መኪናዋ ጎማዋ ወልቆ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እናትየዋ ልብስ ሲያሰጡ ደረስን። ምን ልንሠራ እንደመጣን ስንነግራቸው አንድ ነገር ብቻ አሉ።

"ከገመዱ ራቅ በሉ። አንሶላዬን ቅባት ከነካው ሦስታችሁም ታጥቡታላችሁ።"

አለቃ ኮቱን አውልቆ በዓይኑ አንድ ነገር ፈለገ።

"ብረት መያዣ ሞርሳ የለሽም?"

"የለኝም።"

"በምን አጥብቀሽ ትይዢዋለሽ?"

"በሁለት ጉልበቴ።"

ከግቢው ለጥ ያለውን ድንጋይ መርጦ ኩሽኔታው የሚገባበትን ብረት አስቀመጠ። እንጨት ደግፎ በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ባለሙያ ነው። ዙሪያውን እያዳረሰ፣ ጆሮውን አዘንብሎ ነው የሚመታው። ኩሽኔታው እስከ ግማሽ ገባ። ልጅቷ አመድ መሰለች። እኔም በልቤ ስሟን ሰረዝኩ።

ያኔ ድንጋዩ ትንሽ ተነቃነቀ። ኩሽኔታው በአንድ ወገን ጠመመ።

"አቃናዋለሁ፤" አለ አለቃ። መታው። ደገመው። በሦስተኛው ደረቅ ድምፅ ሰማን።

ቀለበቱን አውጥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለበት። በጣቱ ሲያሽከረክረው አሸዋ እንደገባበት ይንኮሻኮሻል። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገው።

"ድንጋዩ ነው፤" አለ።

"የእኔም ድንጋዩ ነበር ጋሼ።"

ልጅቷ የተሰበሩትን በቆርቆሮ ይዛ መጣች። አለቃ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። "ጋሼ፣ እነዚህ አንድ ቀን እንኳ አልዞሩም። ከእኔ ጓሮ የሚለቀም ኩሽኔታ ተበልቶ ያለቀ ነው። እነዚህ አዲስ እንደሆኑ ነው የተሰነጠቁት።" ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ "ይሄኛው ጥሩ ገብቶልሽ ነበር። መጨረሻው ላይ ነው ያመለጠሽ፤" አላት።

እዚህ ላይ ጥፋቴን አልደብቅም። ሰው የያዘውን አያለሁ እያልኩ የምመካ እኔ፣ ላሳይዎት ስትለኝ አላየሁም። አስቀድሜ ፈርጄ ነበርና ማየት አላስፈለገኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌባ ስፈልግ ኖርኩ፤ አለቃ ሌባ አልነበረም፣ ልጅቷም አይደለችም። የተጣመመው ሕጉ ነበር፤ እሱን ግን ፈትቼ አልመረመርኩትም።

ደብተሬን አውጥቼ በአለቃ ስም ሁለት ኩሽኔታ ጨምሬ ጻፍኩ። ከራሱ ሁለት ጋር አራት ሆነ።

"እኔንም ሊጠረጥሩኝ ነው እንግዲህ፤" አለ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ልጅቷን ጠየቃት። "ምን ይሁን ነው የምትዪው?"

"ጋራዦች ለብቻችሁ ተወዳደሩ።"

"ጋራዦቹ ሦስት ነን። ከሁለት ሰው ጋር ምን ውድድር አለ? እኔ ሌላ ልበል። ከውድድሩ በፊት ያለውን ሳምንት፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፕሬሴ ለተወዳዳሪ ሁሉ ክፍት ይሁን። ሞርሳውም ጭምር። ሠራተኞቼ አይነኩላቸውም፤ አሳይተዋቸው ዞር ይላሉ። ሥራው የባለቤቱ ይሁን።"

ቀያሿ ዓይኗን አጠበበች። "እርስዎ ምን ያገኛሉ?"

"አንቺም መጠርጠር ጀመርሽ?"

"አባባ ናቸው ያስተማሩኝ።"

አለቃ ኮቱን ለበሰ። "ሦስት ጊዜ ዋንጫ ወስጃለሁ። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ፕሬስ ያለው ያሸንፋል ይላሉ። የሚመሰገነው ብረቱ ነው። እኔ ከአባቴ ፕሬስ በፊት በእጄ ነው መሥራት የተማርኩት።"

"መሣሪያውን የማያጋራ ጋራዥስ?"

"እሱ ለብቻው ይወዳደር። ይህን ጨምረሽ ጻፊ።"

ቅዳሜ ለኮሚቴው ሁለቱ አብረው ቀረቡ። እኔም ድምፄን ሰጠሁ፤ በልጅቷ መዝገብም ፈረምኩ። ሕጉ ጸደቀ። ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት አሥራ ሁለት ሰው ጋራዡ በር ላይ ተሰለፈ፤ አንዱ ጥርስ ሐኪም፣ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ። ቀያሿ አለቃ የገዛላትን ስድስተኛውን ኩሽኔታ ሻይ እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ አስገባች። የሕጉን ጥቅም ባጭሩ ልናገር። በከንቱ የሚሰበር ዕቃ ስለቀረ የተረፈው ገንዘብ ለፍሬን ዋለ። ባለፈው ዓመት ሁለት ጎማ መታጠፊያው ላይ ወልቆ ነበር፤ ዘንድሮ አንድም አልወለቀም። አለቃ ያሳያቸው ሰዎች ለዘወትር መኪናቸውም ደንበኞቹ ሆኑ። የእኔም ሥራ ቀለለ፤ ደረሰኙ አጠረ።

በውድድሩ ቀን ቀያሿ አራተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው አለቃ ነው፤ ጋጋሪው ከኋላው በጥቂት ክንድ ብቻ ተቀድሞ። አለቃ ከመኪናው ሲወርድ ሜዳው ሙሉ ድምፅ ሆነ፤ ሦስቱን ዋንጫ ሲወስድ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ግራ ገብቶት ወደ እኔ መጣ።

"ምን ሆነው ነው ጋሼ? የተሰበረ ነገር አለ?"

"እያጨበጨቡልህ ነው፤" አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም።